ሠላሳ አንድ ሠርግ የያዘው ዲስክ

ያን ቀን የሳዑዲዋ ደማም ላይ ፀሐይ አልታየችም፤ ሙቀቱ ግን ነበር። ነሐሴ ሊወጣ ሲል እንደሚሆነው ባሕሩ ትንፋሹን ከተማው ላይ ለቆበታል። የመስኮቱ መስታወት በውጭ በኩል አልቦታል፤ ደጅ የወጣ ሰው መነጽሩን ሳይጠርግ ሁለት እርምጃ መሄድ አይችልም። ሰማዩ ነጭ ነው፤ ከአቧራ ይሁን ከእርጥበት አይለይም። የቶይባ ሳሎን ኤሲ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጓራ ቆይቶ ከቀትሩ የዙህር አዛን በፊት ጸጥ አለ።

ቶይባ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ባሏ ዙበይር ዳህራን ውስጥ ለአንድ ኮንትራክተር ሾፌር ነው፤ እስከ ማታ አይመጣም። ሙቀቱን እሷ ብትችለው ኮምፒውተሯ እንደማይችለው ስለምታውቅ፣ ጠረጴዛውን እንዳለ ገፍታ ኤሲው ወደሚሠራበት መኝታ ቤት ልትወስደው ተነሣች። ኮምፒውተሩን አላጠፋችም። በአጭር ገመድ የተያያዘውን ጥቁር ሃርድ ዲስክም አልነቀለችም። የጠረጴዛው አንድ እግር ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ያዘ። ስትገፋው ዘለለ፤ ዲስኩም ከነገመዱ ተንሸራቶ ሴራሚኩ ላይ ወደቀ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ስታነሣው ጭረት እንኳ የለውም። «አልሐምዱሊላህ» ብላ መልሳ ሰካችው። መብራቱ በራ። ከውስጡ ግን ሰምታው የማታውቀው ድምፅ መጣ፤ ሳጥን ውስጥ የተዘጋበት ሰው በጥፍሩ እንጨቱን የሚፍቅ ይመስላል። ኮምፒውተሩም ዲስኩ ችግር አለበት፣ ልጠግነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጠግነው አለችው። አንድ ሰዓት ያህል ሲጠግን ቆይቶ ጨረስኩ አለ። ስትከፍተው ባዶ ነው።

ሠላሳ አንድ ሠርግ ነበረበት።

ቶይባ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ለዙበይር ተድራ ደማም የገባች ሴት ናት። ሁለት ሴት ልጆች ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራለች። ካሜራ የያዘችው በትልቋ ልጇ ሠርግ ጊዜ፣ የሚያነሣ ሰው በመጥፋቱ ነው። እዚያ ያሉ የሐበሻ ሙስሊሞች ሲዳሩ ግቢ ያለው ማረፊያ ቤት ይከራያሉ፤ ወንዱ በአንድ አዳራሽ፣ ሴቱ በሌላ አዳራሽ ይሆናል። በሴቶቹ በኩል ጥቁሩ መጎናጸፊያ አባያው ይወልቃል፣ ፀጉሩ ይፈታል፣ ክንዱ ይገለጣል። ስለዚህ ካሜራ የሚይዘው እጅ የሴት መሆን አለበት። የቶይባ እጅ ደግሞ ታመነ።

የታመነው ቀረጻዋ ስለሚያምር አልነበረም። የሙሽራ ግንባር ቆርጣ የጣሪያ መብራት ስታነሣ ብዙ ጊዜ ታይታለች። የታመነችው በክፋቷ ነው። በሩ ላይ ቆማ የገባችውን ሴት ሁሉ ስልክ ትሰበስባለች፤ በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋ ቁጥር ትሰጣለች። የሙሽራ እናት ብትሆን፣ አክስት ብትሆን፣ «ለልጄ ልደውል ነው» ብላ ብታለቅስ አትሰማም። «ስልክ ካልተሰበሰበ ካሜራዬን አላወጣም። ኸላስ።» ብዙ ሴት በዚህ ጠልቷታል። ያችው የጠላቻት ሴት ግን የራሷ ልጅ ስትዳር የምትጠራው እሷኑ ነው።

ሠርጉ ካለቀ በኋላ ያነሣችውን ሁሉ ወደዚያች ጥቁር ዲስክ ትገለብጥና የካሜራውን ካርድ ታጠፋለች። ቆራርጣ፣ ዘፈን ጨምራ፣ ለባለቤቶቹ በፍላሽ ትሰጣለች። ሁለተኛ ግልባጭ አትይዝም። ሁለት ግልባጭ ማለት ለእሷ ሁለት በር ማለት ነበር። ዙበይር እንኳ ዲስኩን ነክቶት አያውቅም።

ሠላሳዎቹ ሠርጎች ለባለቤቶቻቸው ደርሰዋል። ሠላሳ አንደኛው ግን አልደረሰም።

ሠላሳ አንደኛው የአስማእ ሠርግ ነው። አስማእ የሐጃ ሙንተሃ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሐጃ ሙንተሃ ዕድሜዋን ሙሉ ካሜራ የጠላች ሴት ነበረች፤ «ሥዕሌ ከመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከኢቃማዬ በቀር የትም አይኑር» ትል ነበር። የልጅ ልጆቿ ስልክ ሲያነሡባት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። በዚያ ሠርግ ላይ ግን ምን እንደታያት እንጃ፣ ቶይባን በእጇ ጠራቻት። «ነይ እስቲ፣ ያንን ነገርሽን ክፈቺው» አለቻት። ከዚያም ልጇን ፊቷ አንበርክካ፣ ሁለት እጇን ከጭንቅላቷ በላይ ዘርግታ ዱዓ አደረገችላት። ከሦስት ወር ተኩል በኋላ፣ ቶይባ ቪዲዮውን ቆራርጣ ሳትጨርስ፣ ሐጃ ሙንተሃ ደማም ሆስፒታል ገብታ አልወጣችም።

ለቅሶ ቤት ገብቶ የሠርግ ቪዲዮ የሚጠይቅ የለም፤ የሚያቀርብም የለም። ቶይባ ነውር ነው ብላ ዝም አለች። ቤተ ሰቡም ዝም አለ። ዲስኩ ከመውደቁ ከሁለት ቀን በፊት ነው የሟቿ ትልቋ ልጅ ረዋን የደወለችው።

ረዋን ከደማም ወጣ ብሎ ራካ ሰፈር ነው የምትኖረው። ባሏ ሱቅ አለው፤ እሷ ምላስ አላት። ሰላምታም ስታቀርብ ቁጣ ይመስላል።

«ቶይባ፣ የኡሚን ዱዓ ብቻ ለይተሽ አምጪልኝ። ጭፈራውን ተይው። አስማእ ልትወልድ ነው። ሆስፒታል ይዛው ትገባለች ብለናል።»

«ኢንሻአላህ። በዚህ ሳምንት።»

«ኢንሻአላህሽ ወር አይሁን።»

እንግዲህ ቶይባ ያን ቀን ጠረጴዛ ስትገፋ የነበረው ይህንኑ ልትሠራ ነበር።

ለአራት ቀን ለረዋን ዋሸቻት። አንዴ ኤሲ፣ አንዴ መብራት፣ አንዴ ራስ ምታት። አምስተኛው ቀን ላይ ከታች ፎቅ የምትኖረውን ሜሪን በደረጃው ላይ ያዘቻት። ሜሪ በጎረቤቱ ከተማ ኾበር አንድ ቢሮ ውስጥ ወረቀት የምትጽፍ፣ ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቿ ጋር በር ዘግታ የምትጸልይ የሆሳዕና ልጅ ናት። ኮምፒውተር ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ሴት ናት።

ሜሪ ዲስኩን ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «እትዬ ቶይባ፣ አልጠፋም እኮ» አለች።

«ባዶ ነው እያልኩሽ?»

«ዝርዝሩ ነው የጠፋው። ኮምፒውተሩ የትኛው የት እንደተቀመጠ ረስቶታል እንጂ ነገሩ እዚያው ዲስኩ ላይ ነው። ሰውም ራሱ ሲያጠፋ እንደዚያው ነው፤ የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ አንድ በአንድ ፈልጎ የሚያወጣ ሶፍትዌር አለ።»

«እኔ ያጠፋሁትም ሁሉ?»

«ያጠፋሽውም።»

ቶይባ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ከፋት። ለምን እንደከፋት ለጊዜው አልገባትም።

የቶይባ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ፕሮግራሙን አልቀበልም አለ። ስለዚህ ሜሪ በዚያው ቀን፣ ሐሙስ ማታ፣ የቢሮዋን ላፕቶፕ አመጣችላት፤ እሑድ ጠዋት ትመልሰዋለች። ፕሮግራሙን ጫነች፣ ዲስኩን ሰካች፣ የት የት እንደሚጫን አሳየቻት።

«ሲጨርስ ያገኘውን እዚህ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጪው። ዲስኩ ላይ መልሰሽ እንዳታስቀምጪ።»

«ላፕቶፑ የማን ነው አልሽኝ?»

«የቢሮ።»

«ቢሮ ውስጥ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል፣ ግብጾች ናቸው፣ ሱዳኖች ናቸው። ኮምፒውተር የሚያስተካክል አንድ ሕንድ አለ። ምን ቸገረሽ? ፍላሽ ላይ ከገለበጥሽው በኋላ እናጠፋዋለን።»

«እሺ» አለች ቶይባ።

ፕሮግራሙ ከዓርብ ጠዋት ጀምሮ ይቆፍር ገባ። ዙበይር ለጁምዓ ሲወጣ አራት በመቶ ላይ ነበር፤ ሲመለስ ሰባት። ቶይባ ዓይኗን ከላፕቶፑ አልነቀለችም። በተቆፈረ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሥዕሎች ይረድፋሉ፤ የተገለጠ ትከሻ፣ ሒና የተቀባ እግር፣ አፏን ከፍታ የምትስቅ ሙሽራ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያነሣቻቸው ሴቶች ከመቃብር እንደተጠሩ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቶይባ ኤሲው የተጠገነለትን የሳሎኑን በር ቆለፈች፤ ምሳውንም ለባሏ በመኝታ ቤቱ በር በኩል ሰጠችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሐጃ ሙንተሃ ሥዕል መጣ። ስትነካው ተከፈተ። የሸበሸበ እጅ፣ የነጭ ነጠላ ጥለት፣ ከዚያም ያ የታወቀ ድምፅ። «ያ ረቢ፣ ይህችን ልጄን አደራ...» ዘጠኝ ሰከንድ ሄዶ ቆመ። ፕሮግራሙ ቅምሻውን ነው የሚያሳየው፤ ሙሉውን ለማየት አውጥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቶይባ ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች። ያንን ዘጠኝ ሰከንድ አራት ጊዜ አየችው።

የት ላስቀምጠው ብሎ ፕሮግራሙ ሲጠይቃት ነው ከሐሙስ ጀምሮ የከፋት ነገር ምን እንደሆነ የገባት። ሜሪ ራሷ ነግራታለች፤ የጠፋ ነገር አይጠፋም። ዛሬ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጣ ነገ ብታጠፋው፣ እሑድ ሕንዱ ይህንኑ ፕሮግራም ከፍቶ ሠላሳ አንድ ሠርግ ማውጣት ይችላል። የሰው ሚስት፣ የሰው ልጅ፣ ክንዷና ፀጉሯ ኾበር ቢሮ ውስጥ። ቶይባ ይህን አታደርግም። ዲስኩ ግን የራሷ ነው፤ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ቦታውም ባዶ ነው ይላል። ለሜሪ አልደወለችላትም። ብትደውልላት ምን እንደምትላት ታውቀዋለች። ዲስኩን መረጠች። አንድ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ ብዙ እንግሊዝኛ ተናገራት፤ እሺ ብላ ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ አለቀ። ሠላሳ አንድ ማኅደር በስም በስም ተደርድሯል። የሐጃ ሙንተሃን ከፈተች፤ ጥቁር ነው። እንደገና ከፈተች፤ ጥቁር ነው። ሌሎቹን ብትከፍት የአንዷ ሙሽራ ራስ ከሌላዋ ወገብ ጋር ተጋጥሞ፣ የአንዱ ሠርግ ከበሮ በሌላው ላይ ይመታል። ፕሮግራሙን መልሳ ብታስጀምረው የቅድሙ ዘጠኝ ሰከንድም የለም።

ሜሪ እሑድ ንጋት ላይ ላፕቶፑን ልትወስድ መጥታ ነገሩን ስትሰማ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «እያወጣሽ መልሰሽ በላዩ ላይ ነው እኮ የጻፍሽበት፣ እትዬ! ነግሬሽ አልነበር?»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

ቶይባ ላፕቶፑን ጠቅልላ አቀበለቻት። ሜሪም ሥራ ረፍዶባታልና ሄደች።

በዚያው ቀን ረዋን ሳትደውል መጣች። አባያዋንም አላወለቀች፣ የቀረበላትን ውኃም አልነካች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ሸጠሽዋል ወይስ ጠፍቶብሻል?»

«ለማን ነው የምሸጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሰው ስልክ በከረጢት የምትሰበስብ ሴት ምን እንደምታደርግ በምን ይታወቃል። ያን ቀን ስልኬ በእጄ ቢሆን ኡሚን ራሴ አነሣት ነበር። አንቺ ነሽ የከለከልሽኝ! በአንቺ ምክንያት ነው የእናቴ ድምፅ የሌለኝ!»

«ዲስኩ ወድቋል።»

«ወድቋል? ዝም ብሎ?»

«ጠረጴዛ ስገፋ ወደቀ። ከፍቼ ባየው ባዶ ሆነ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልተናገረችም። ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ የረዋን ዓይን አስዘጋት።

ረዋን ስልኳን አወጣች። «ኾበር ያሲር የሚባል አለ፤ የባሌን ሱቅ ኮምፒውተር የሚሠራ። ከሞተ ዲስክ ያወጣል። ነገ እንወስደዋለን።»

«ወንድ ነው።»

«ሐኪምሽም ወንድ ነው!»

«ረዋን፣ እዚህ ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሠላሳ ሠርግ ሌላ አለ። የኡሙ ዑበይዳ ልጆች አሉ። የእኔም ልጆች አሉ።»

«የእኔ እናት ሞታለች። የእነሱ ልጆች አልሞቱም። ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ እመጣለሁ፤ እምቢ ካልሽ ባሌን ይዤ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ሄዱ። የያሲር ሱቅ ኾበር ውስጥ በስልክ መሸጫዎች መካከል የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ቤት ናት። ያሲር እዚያው ሳዑዲ የተወለደ ልጅ እግር ሰው ነው፤ አማርኛው ላይ አንቱታ የለም፤ ሴቱን ሁሉ «ኻላ»፣ አክስቴ፣ ይላል።

ቶይባ ዲስኩን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ውል ጠየቀች። «ሥዕሎቹን አታይም። ስሙንና ቁጥሩን ብቻ ነው የምታየው። ድምፅም ቢሆን እኔ ነኝ የማዳምጠው። እስክትጨርስ እዚህ እቀመጣለሁ፤ ስትዘጋ ይዤው እሄዳለሁ።»

ያሲር ሳቀ። «ኻላ፣ ካሚራ ደግሞ ልትተክዪብኝ ነው?»

«ካስፈለገ እተክላለሁ።»

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ሥዕሉን እዘጋዋለሁ። የሴት ሠርግ ስንት ጊዜ መጥቶልኛል መሰለሽ።» ዲስኩን ተቀብሎ ጆሮው አጠገብ አደረገው፣ ከዚያ ከራሱ መሣሪያ ጋር አገናኘው። ከታመመው ዲስክ ላይ አይሠራም፤ መጀመሪያ ሙሉ ግልባጩን ወደ ሌላ ይወስዳል፣ ሥራውን የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ዝርዝሩን ሲያይ ፊቱ ተቀያየረ።

«እዚህ ላይ የቅዳሜ ቀን የተጻፈ ብዙ ነገር አለ። ያወጣችሁትን እዚያው ዲስክ ላይ ነው እንዴ መልሳችሁ ያስቀመጣችሁት?»

ቶይባ የቦርሳዋን ዚፕ ዘጋች።

«ኻላ?»

«አዎ» አለች ቶይባ።

«ሱብሓነላህ! እንዲህ ያለ ነገር ማን ያደርጋል? ቢወድቅስ ምንም አልነበረ፤ አርባ ቢሮ ሲጥለው አይቻለሁ። ሳትነኪው ብታመጪው ኖሮ ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጅብኝ።»

ረዋን ቀስ ብላ ዞረች። «ወደቀ አላልሽኝም?»

«ወድቋል።»

«ከወደቀ በኋላ ነበረ ማለት ነው? የኡሚ ዱዓ ነበረ?»

ቶይባ መዋሸት ሰልችቷት ነበር። «ነበረ። ቅዳሜ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ሰከንድ ሰምቻለሁ።»

«አንቺ ሰማሽው!» ረዋን ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን እንደገና ስል ሆነ። «የእናቴን የመጨረሻ ድምፅ ሰምተሽ፣ በእጅሽ ገደልሽው! ምን አድርጌሽ ነው? ንገሪኝ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

«በላፕቶፑ ላይ ብተወው ወንዶች ያዩታል ብዬ ነው።»

«አሁን የት ቆመሽ ነው? ይኼ ወንድ አይደለም?»

ያሲር ጉሮሮውን ጠረገ። «ኻላዎቼ፣ ውጭ ሰው እየሰማ ነው።» ረዋን የሱቁን በር በረገደችና ወጣች።

ቶይባ ግን አልወጣችም። ሦስት ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እየመጣች በፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠች፤ ሱቁ ሲዘጋ ዲስኩንም ግልባጩንም ይዛ ትሄዳለች። ያሲር የሚያየው ቁጥር ነው፤ እሷ የምታየው የያሲርን ዓይን ነው። የሚያልፍ የሚያገድመው ደንበኛ ያያታል፤ የምታውቃቸው ሁለት የሐበሻ ወንዶችም አዩዋት። ሰላም አሏት። ሰላም አለች።

በሦስተኛው ቀን ያሲር የጆሮ ማዳመጫውን አቀበላት። «ቪዲዮው የለም። በላዩ ላይ ሌላ ሠርግ ተጽፎበታል። ድምፅ ግን ከመጨረሻው በኩል ትንሽ ቀርታለች፤ አርባ አንድ ሰከንድ። ተገኘ ብዬ ለኻላ ረዋን ደውያለሁ፣ እየመጣች ነው።»

ቶይባ አዳመጠች። ሐጃ ሙንተሃ፣ «...እኔ እንደተንከራተትኩት አገር ለአገር አያንከራትሽ፤ ልጅሽ ቋንቋሽን ይስማ...» ስትል ነበር። ከዚያ የረዋን ድምፅ ገባባት። «ኡሚ፣ ኸላስ! ሰዉ ተራበ፣ እስከ መቼ ነው?» ሐጃዋ፣ «እሺ ልጄ፣ ይህችን ልጨርስ...» አለች። «በቃ አልኩሽ እኮ! ጨርሰሻል! ቶይባ፣ ዝጊው!» ከዚያ ከበሮ ብቻ ነው።

ቶይባ ያን ጊዜ በሠርጉ ግርግር ውስጥ ስለነበረች ይህን ረስታው ነበር። አሁን ሙሉው ትዝ አላት። የሐጃዋ እጅ በአየር ላይ ቀርቶ፣ ቀስ ብሎ ወረደ።

ረዋን ገባች። «የታለ?»

ቶይባ ከወንበሯ ተነሥታ ማዳመጫውን ሰጠቻት። ረዋን ቆማ ሰማች። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ «ኡሚ» አለ። ከዚያ ዓይኗ ተገለጠ። አርባ አንዱን ሰከንድ እስከ መጨረሻው ሰምታ ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሌላው የት አለ?»

«ሌላ የለም፣ ኻላ» አለ ያሲር።

«ይህን ማን ሰምቷል?»

«እኔ» አለች ቶይባ። «እሱ አልሰማም።»

ረዋን አየቻት። ቶይባ በዕድሜዋ ብዙ ጥላቻ አይታለች፤ እንዲህ የጠራ ግን አላየችም። «ለይተሽ ነው ያስቀረሽው» አለቻት። «ሆን ብለሽ ይህችን ብቻ አስቀርተሽ ነው።»

«ይህን ማድረግ ብችልማ ሌላውንም አላጠፋውም ነበር።»

ረዋን ድምፁ የተገለበጠበትን ፍላሽ ከያሲር እጅ ተቀብላ ሄደች። ቶይባ ግልባጩን እፊቷ አስጠፋችው፤ ማጥፋት ማጥፋት እንዳልሆነ ታውቃለችና በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ባዶ አስጻፈችበት። ጥቁሩን ዲስክ ደግሞ ያሲር በመሰርሰሪያ አራት ቦታ በሳው። ከሱቁ የወጣችው ባዶ እጇን ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከራካ ተነሥቶ ደማምን ዞረ። ቶይባ የሴቶቹን ሠርግ ኾበር ወስዳ ለወንድ ዘረጋችው፤ ሦስት ቀን አብራው ተቀምጣ ነበር፤ ያያትም ሰው አለ። ልጆቿን ቀድሞ ያነሣችላት ኡሙ ዑበይዳ ለመጪው ወር ሠርግ ይዛት ነበርና ደወለች።

«ሌላ ሰው አግኝተናል፣ ቶይባ። አፉ በዪኝ።»

«ረዋን ናት የነገረችሽ?»

«ማንም ይንገረኝ። ሄደሻል ወይስ አልሄድሽም?»

«ሄጃለሁ። የወሰደችኝ ራሷ ረዋን ናት።»

«እሱን ከእሷ ጋር ተነጋገሩ። የእኔ ልጆች እዚያ ውስጥ ነበሩ። በአንቺ ላይ እኮ ነበር የጣልናቸው!»

ሌሎቹ መደወልም አላስፈለጋቸው። ዙበይር ወሬውን በመስጊድ በኩል ሰማው። በሦስተኛው ቀን፣ «ወንድ ሱቅ ከምትቀመጪ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አላት።

«አንተስ ወንድ አይደለህ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም።

አስማእ ወንድ ልጅ ወለደች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ደወለች፤ ከበስተ ጀርባዋ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«እትዬ ቶይባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ረዋን ምንም አልተገኘም አለችኝ። ምንም? አንዲት ቃል እንኳ?»

ቶይባ የሐጃዋን ቃል አሰበች፤ ልጅሽ ቋንቋሽን ይስማ የሚለውን። የረዋንንም ዓይን አሰበች። አርባ አንዱን ሰከንድ ለከተማው ሁሉ ማሰማት ተመኝታ ታውቃለች፤ በሌሊትም በቀንም ተመኝታለች። አሁን ቅጂው የላትም፤ ቢኖራትም ሟች ዱዓዋን ስትለምን መሳቂያ ማድረግ ይሆናል። ለልጇ መንገር ግን ሌላ ነው። ወይም እንዲያ መሰላት፤ ከበቀል ምን ያህሉ እንዳለበት እሷም መለየት አልቻለችም።

«አርባ አንድ ሰከንድ ድምፅ አለ» አለች። «እህትሽ እጅ ላይ ነው። በቀጥታ እጇ ላይ ነው የተሰጣት።»

ሕፃኑ ብቻ ይሰማል። «ታዲያ ለምን ደበቀችኝ?»

«ስትሰሚው ታውቂያለሽ።»

«አንቺ ንገሪኝ።»

«አልነግርሽም። እናትሽ ናት የምትናገረው፤ ከራሷ ስሚው።» ስልኩን ዘጋችው።

በዚያው ምሽት የረዋን መልእክት መጣ። ሦስት ድምፅ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ይረዝማል። ቶይባ የመጀመሪያውን ሰማች። «አንቺ ቤት አፍራሽ...» ብሎ ይጀምራል። ሁለቱን ሳትሰማ አጠፋቻቸው። አስማእ ዱዓውን ሰምታው እንደሆን ወይም ረዋን ፍላሹን የት እንዳደረገችው ከዚያ ወዲህ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀች።

ቶይባ አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ደማም ውስጥ በአንዲት ሶርያዊት የልብስ ስፌት ቤት፣ ከጀርባ ባለው ክፍል አባያ ትተኩሳለች፤ ከዓርብ በቀር በየቀኑ፣ ከጠዋት እስከ ዐስር ሶላት። ካሜራውን ሸጣዋለች።